ማርካ፣ ኩፖን፣ ቁጥር ወይስ ኮድ? የቱ ለየትኛው ሥራ ይሻላል

ደሴ ላይ ካፌ ልትከፍቱ ነው እንበል። ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ ለፋብሪካ ሠራተኞች ምሳና እራት በኮንትራት ልታቀርቡ አስባችኋል። ወይም ዘመድ ሊዳር ነውና የመጠጡን ጉዳይ እናንተ ላይ ጥለውታል። ሥራው ይለያይ እንጂ ሁላችሁም አንድ ጥያቄ ላይ ትደርሳላችሁ። ለሰዉ ምን እንስጠው? ማርካ፣ ማለትም በብር ወይም በትዕዛዝ ፈንታ የሚሰጥ ትንሽ የፕላስቲክ ወይም የብረት ቁራጭ? ኩፖን? ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን? ወይስ በስልክ የሚላክ ኮድ?

አብዛኛው ሰው ጎረቤቱ የሚጠቀምበትን አይቶ ያንኑ ያደርጋል። ወር ሳይሞላ ሂሳቡ አልገጥም ይላል። ከዚያ ባለቤቱ ሠራተኞቹን በክፉ ዓይን ማየት ይጀምራል፤ አስተናጋጇ ደግሞ ያልበላችውን ዕዳ ትከፍላለች። እኔ ነገሩን አቅልዬ አላየውም። ያቺ ትንሽ ፕላስቲክ በሁለት ሰዎች መካከል ያለች ቃል ነች። ቃሉ ሲፈርስ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው አቅም የሌለው ወገን ነው።

ለመምረጥ ሁለት ጥያቄ ይበቃል። አንደኛ፣ የምትሰጡት ነገር የምን ምትክ ነው? የተራ ነው? የዕቃ ነው? የገንዘብ ነው? ወይስ የሰውየው ማንነት? ሁለተኛ፣ ቢጠፋ ኪሳራው የማን ነው? የወፍጮ ቤት ተራ ቁጥር ቢጠፋ የሚጠፋው የአንድ ሰዓት ጊዜ ነው። የቢራ ማርካ ቢወድቅ ያነሳው ሰው ይጠጣበታል። የሻንጣ ቁጥር ቢጠፋ ሻንጣው አለ፤ ግን "የእኔ ነው" ብሎ ማስረዳት ይመጣል። የባንክ ኮድ በሰው እጅ ቢገባ ግን ሂሳቡ ባዶ ይቀራል። አራቱም እጅ ላይ ሲያዙ ቀላል ነገር ናቸው። አደጋቸው ግን አንድ አይደለም፤ ስለዚህ በአንድ ዓይን አይመረጡም።

ለካፌ፦ ማርካ ወይስ ወረቀት?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚህ ነው።

ፒያሳ አካባቢ ካፌ ስትቀመጡ የአስተናጋጇን እጅ ልብ ብላችሁ እዩ። ጠዋት ካሸሯ ጋ ሄዳ ማርካ ቆጥራ ትረከባለች። እናንተ ማኪያቶ ስታዙ አንዷን ማርካ ማሽኑ ላይ ላለው ልጅ ትሰጠዋለች። እሱ ማርካዋን ሳጥኑ ውስጥ ይጥላል፤ ማኪያቶውን ይሠራል። ማታ ሦስቱም ይቆጥራሉ። እሷ የቀራትን ትመልሳለች፣ እሱ ሳጥኑን ይገለብጣል፣ ካሸሯ ብሩን ትይዛለች። ማንም አንዲት መስመር አልጻፈም። መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም። ክረምት ላይ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍን፣ ዝናቡም ሰዉን ሁሉ አንድ ላይ ካፌ ውስጥ ሲያስገባ፣ የማርካን ያህል የሚፈጥን ነገር አላየሁም።

ወረቀት ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ምን እንደታዘዘ፣ ስንት ሰዓት እንደታዘዘ፣ የትኛው ጠረጴዛ እንደሆነ ይናገራል። ማርካ ይህን አይችልም። "አንድ ጥብስ፣ ቃሪያ ይብዛበት፣ ሁለት ሽሮ፣ አንዱ ያለ ቅቤ" ለማለት ማርካ አይበቃም። ስለዚህ ዝርዝሩ ብዙ የሆነ ምግብ ቤት ከሆናችሁ ካርቦን ያለው ባለ ሁለት ቅጂ ማዘዣ ያዙ፤ አንዱ ኪችን ይገባል፣ አንዱ ካሸሯ ጋ ይቀራል። ሻይ፣ ቡና፣ ማኪያቶና ለስላሳ ብቻ ከሆነ ማርካ ይበልጣል። ሁለት በርጩማና አንድ ጀበና ይዛችሁ ከሆነ የተቀመጣችሁት ሁለቱም አያስፈልጓችሁም። ዓይናችሁ ይበቃል።

ማርካ ከመረጣችሁ ቀጣዩ ውሳኔ በላዩ ላይ ምን ይጻፍ የሚለው ነው። ዋጋ ወይስ ዓይነት? ዓይነት ይጻፍ። ዋጋ የተቀረጸበት ማርካ ስኳር በተወደደ ቁጥር ይሞታል፤ በዚህ ዘመን ደግሞ ዋጋ የት ቆሞ ያውቃል? "ሻይ" የሚል ማርካ ግን ሻይ ስንት ብር ቢሆን ሻይ ነው።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። ኒውዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1953 የምድር ውስጥ ባቡር ዋጋ ከ10 ወደ 15 ሳንቲም ሲጨምር፣ መግቢያው ላይ ያለው ማሽን ሁለት ዓይነት ሳንቲም መቀበል ስለማይችል የራሱ ቶክን፣ ማለትም ማርካ፣ ተሠራለት። ቶክኑ እስከ 2003 ድረስ አገልግሏል። በላዩ ላይ ዋጋ ስላልነበረው ታሪፍ ቢጨምርም ያው ቶክን ሊሠራ ይችል ነበር። ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ዋጋ ሊጨምር ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ሰው በርከት አድርጎ እየገዛ ማከማቸት ጀመረ። እናንተም ጋ ማርካው በአስተናጋጆች እጅ የሚያድር ከሆነ ያው ነገር ይመጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። ዋጋ የሚጨምርበት ዋዜማ ማታ ማርካ በሙሉ ተመልሶ ይቆጠር፤ ጠዋት በአዲሱ ዋጋ ይሰጥ።

የሚሠራበት ነገርስ? ከሱቅ የሚገዛ ባለ ቀለም ፕላስቲክ ርካሽ ነው፤ ግን ያው ቀለም ያው ቅርጽ ለማንም ይሸጣል። አንድ ሰው ሃያ ፍሬ ገዝቶ ቢያስገባ አታውቁትም። ካርቶን በፕላስቲክ የተለበጠ ለጊዜው ይሠራል፤ ውሃና ወተት በሚፈስበት ባንኮኒ ላይ ግን ቶሎ ይላጣል። እኔ የምመርጠው የቤቱ ምልክት የተመታበት ብረት ነው። መጀመሪያ ላይ ያስወጣል፤ አንዴ ነው ግን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ማርካ ሲጠፋ ማን ይክፈል? በብዙ ቤት የተለመደው ከአስተናጋጇ ደሞዝ በሙሉ የመሸጫ ዋጋ መቁረጥ ነው። እስቲ አብረን እናስላው። ጠዋት ሃምሳ የማኪያቶ ማርካ ወሰደች። ማታ አሥር መለሰች። የሠላሳ ዘጠኝ ማኪያቶ ብር አስገባች። ማሽኑ ላይ ባለው ልጅ ሳጥን ውስጥም ሠላሳ ዘጠኝ ማርካ ተገኘ። አንድ ጎደለ። ግን ማኪያቶ የወጣው ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ ነው! ወተት አልፈሰሰም፣ ቡና አልተፈጨም። ቤቱ ያጣው አንዲት ብረት ነው። የማኪያቶውን ሙሉ ዋጋ ከእሷ ከቆረጣችሁ ያልሸጣችሁትን ማኪያቶ ሸጣችሁ ማለት ነው። ማርካውን አንድ ሰው አግኝቶ ሊጠቀምበት ይችላል ብላችሁ ከሰጋችሁ ብሩን ለወር ያዙትና ማርካው ካልተመለሰ የብረቱን ብቻ ቀንሳችሁ ስጧት። ሰው ከተጠቀመበት ሳጥኑ ውስጥ ካለው ብዛት ይታወቃል። ይህን የሚያደርግ ቤት ሠራተኛ አይሸሸውም።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ማርካም ሆነ የውስጥ ማዘዣ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ደረሰኝን አይተካም። ማርካ ለቤቱ ውስጥ ነው፤ ደረሰኙ ለደንበኛውና ለግብር ነው።

ለኮንትራት ምግብ፦ ኩፖን ወይስ መዝገብ?

ኮምቦልቻ የሠራተኛ ከተማ ነች። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ቢራ ፋብሪካው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ደረቅ ወደቡ፤ ይህ ሁሉ ሰው በየፈረቃው ይበላል። ደሴም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ። ስለዚህ የወር ኮንትራት ምግብ ሁለቱም ከተማ ያውቀዋል።

መዝገብ ማለት ስም ጽፎ በበላ ቁጥር ምልክት ማድረግ ነው። ለአሥር ለአሥራ አምስት ሰው ግሩም ነው። ሰውየውን ታውቁታላችሁ፣ ያውቃችኋል። ሰው ሲበዛ ግን "ትናንት እኮ አልበላሁም" የሚል ይመጣል። መዝገቡ ደግሞ ያለው በአንድ ወገን እጅ ብቻ ነው። የበላው ሰው ማስረጃ የለውም። ኩፖን ይህን ይፈታል፤ ማስረጃው በሁለቱም እጅ ነው። አንዱ ሲበላ ይሰጣል፣ ሌላው ይሰበስባል። የቀረው ኪስ ውስጥ ይታያል።

ኩፖን የያዘ ሰው ሁሉ ይበላበታል። ይህ ጥቅምም ጉዳትም ነው። የሌሊት ፈረቃ የገባ ልጅ ምሳውን ለወንድሙ ቢሰጥ ምን ይጎዳችኋል? ምንም። የምግቡ ዋጋ ተከፍሏል። ስለዚህ "ከባለቤቱ በቀር አይበላበትም" የሚል ማስጠንቀቂያ መጻፍ ለእኔ ትርጉም አይሰጠኝም። የሚያሳስበው ፎቶ ኮፒ ነው። ማኅተም ብቻ አይበቃም፤ የቀለም ኮፒ ማኅተሙንም ያወጣዋል። ተከታታይ ቁጥር አድርጉበት፣ የወሩን ቀለም ቀያይሩ፣ ማኅተሙ ግማሹ ኩፖኑ ላይ ግማሹ ጉርዱ ላይ እንዲያርፍ አድርጉ።

ገዢ ከሆናችሁ ደግሞ ሌላ ነገር አስቡ። የሙሉ ወር ኩፖን ገዛችሁ ማለት ለምግብ ቤቱ ብር አበደራችሁ ማለት ነው። ቤቱ ቢዘጋ ኩፖኑ ወረቀት ነው። ለአዲስ ቤት የሁለት ሳምንቱን ብቻ ግዙ። ቅናሽ ቢያስቀርባችሁም ይሻላል።

ሠርግ ላይ ግን ኩፖን ለእንግዳ አትስጡ። ወሎ ላይ ሰው ተጠርቶ መጥቶ ኩፖን ሲታደል ደስ አይልም፤ ቂምም ይይዛል። መጠጡ እንዳይባክን ከፈለጋችሁ ማርካውን ለአሳላፊዎቹ ስጡ። ለያንዳንዱ አሳላፊ ለሚያስተናግደው ጠረጴዛ ልክ። እንግዳው ምንም ሳያይ መጠጡ ይቆጠራል። ለባዛርና ለገቢ ማሰባሰቢያ ግን ኩፖን ያለ ሐሳብ ተጠቀሙ፤ ብር የሚነካው አንድ ጠረጴዛ ብቻ ሲሆን ሒሳብ ያምራል።

ስለ ዝርዝር አንድ ነገር ልበል። ባለሱቅ "ዝርዝር የለኝም" ብሎ ማስቲካ ሲሰጥ ሁላችንም ተቀብለን እንሄዳለን። ድሮ አሞሌ ጨው ገንዘብ ነበር፤ ግን አሞሌ ይበላልም፣ ተመልሶ ይገዛበታልም። ማስቲካውን ነገ መልሳችሁ ብትወስዱለት ባለሱቁ በብር ሒሳብ ይቀበላችኋል? አይቀበልም። ስለዚህ የዝርዝር ምትክ አይደለም፤ ያልፈለጋችሁትን ዕቃ መግዛት ነው። ሱቅ ካላችሁ ቀሪውን በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ፈርሙበት፤ ወይም ልክ ልኩን በቴሌብር ተቀበሉ። ደንበኛ ይህን አይረሳም።

ለዕቃ ጥበቃ፦ ጥንድ ቁጥር

ሻንጣ፣ ስልክ፣ ጃኬት፣ ሞተር ሳይክል ለምታስቀምጡ ሰዎች መልሱ አጭር ነው። ጥንድ ይሁን። አንዱ ዕቃው ላይ ይታሰር፣ አንዱ ለባለቤቱ ይሰጥ። አንድ ቁጥር ብቻ ሰጥቶ ዕቃውን "በቦታው" መለየት ሰው ሲበዛ ይፈርሳል።

ጥንድ የሚለው ሐሳብ ምን ያህል ከባድ ነገር ሊሸከም እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1741 ሕፃናትን መቀበል የጀመረ አንድ ማሳደጊያ ነበር። ማሳደግ ያቃታቸው እናቶች ልጃቸውን እዚያ ሲሰጡ ቁራጭ ጨርቅ፣ የተሰበረ ሳንቲም፣ ትንሽ ጌጥ አብረው ይተዉ ነበር። የሕፃኑ ስም ስለሚቀየር አንድ ቀን ለመውሰድ ቢመጡ የሚለዩት በዚያ ነው። ዛሬም ድረስ ያልተጠየቁ ብዙ ቁራጮች ተቀምጠዋል። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ የዕቃ ቁጥርን ቀለል አድርጌ ማየት አልችልም።

በአንዳንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ስልክ ተቀምጦ ቁጥር ይሰጣል። ከገጠር የመጡ አባት ቁጥሩን ጥለው ሲወጡ "ቁጥር ከሌለ ስልክ የለም" ይባላሉ። ይህ ልክ አይደለም። ቁጥሩ የዕቃ ምልክት እንጂ ዕቃው አይደለም። "አባባ፣ ስልክዎ ምን ዓይነት ነው? ማን ይደውልልዎታል? እስቲ በልጅዎ ስልክ ይደወልበት" ብሎ ማጣራት ይቻላል። ስልኩ ሲጮህ ባለቤቱ ታወቀ። ስለዚህ ጥበቃ የምታቋቁሙ ሰዎች ቁጥር ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ከመጀመሪያው ወስኑ፤ በር ላይ ጻፉት። መታወቂያ ይታይ፣ ፊርማ ይወሰድ፣ ዕቃው ይሰጥ። ቅጣት ካስፈለገ የካርቶኑ ዋጋ ይበቃል።

ለተራ፦ ጀሪካን፣ ካርቶን፣ ማሽን

ውሃ በሚጠፋበት ሰሞን ቦኖ ላይ የተደረደረውን ጀሪካን አይታችኋል። ሰው የለም፤ ጀሪካኑ ቆሟል። ማንም ቁጥር አላደለም፣ ግን ሁሉም ተራውን ያውቃል። ወፍጮ ቤትም እንዲሁ ነው። ጎረቤት ለጎረቤት በሚተዋወቅበት ቦታ ከዚህ የተሻለ ነገር አታምጡ። ሰው በማይተዋወቅበት ቦታ ግን ጀሪካን ይገፋል፤ ያኔ ቁጥር ስጡ።

ለክሊኒክ፣ ለፎቶ ቤት፣ ለጸጉር ቤት ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ይበቃል። ማሽን የሚያስፈልገው ብዙ መስኮት ላለው ቦታ ነው። ማሽኑን ካስገባችሁ ደግሞ ቁጥሩ በድምፅ ይጠራ፣ በአማርኛ። ስክሪኑን የማያነቡ እናት ቁጥራቸውን ይዘው ተቀምጠው ተራቸው ሲያልፍ ማየት ያሳዝናል።

በስልክ የሚመጣው

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ልዩነት ያዙ። የያዘው ሁሉ የሚጠቀምበት ቁጥር አለ፤ ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ዕቃ ብቻ የታሰረ ቁጥር አለ። የሚፋቀው የሞባይል ካርድ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። በ*805* ቀድሞ የሞላው ይወስደዋል፤ ስለዚህ ከጀርባችሁ ቆሞ ያነበበ ሰው ሊቀድማችሁ ይችላል። የካርድ ቆጣሪ ሁለተኛው ዓይነት ነው። የሞላችሁት ለእናንተ ቆጣሪ ብቻ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተጀመረውና በብዙ አገር የተስፋፋው አሠራር 20 አሃዝ ያለው ቁጥር ቆጣሪው ላይ በመጻፍ ይሠራል። ያ ቁጥር ጎረቤት ቤት አይሠራም፣ ለሁለተኛ ጊዜም አይሠራም። ሌባ ቢሰርቀው ምን ያደርግበታል? የታሰረ ቁጥር ጥቅሙ ይኸው ነው። መምረጥ ከቻላችሁ ሁልጊዜ የታሰረውን ምረጡ።

ለሂሳባችሁ መጠበቂያስ? በኤስኤምኤስ የሚላክ ኮድ ለሁሉም ሰው ቅርብ ነው፤ ተራ ስልክ ይበቃል። ድክመቱ ኔትወርክ ከሌለ አለመምጣቱ፣ ሲም ካርዱ በሌላ ሰው እጅ ከገባ ኮዱም አብሮ መሄዱ ነው። ስማርት ስልክ ላይ የሚጫነው የኮድ አፕ በየ30 ሰከንዱ አዲስ ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩን የሚያሰላው ስልኩ ራሱ ስለሆነ ኢንተርኔትም ኔትወርክም አይፈልግም። እኛ አካባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለኢሜይልና ለማኅበራዊ ሚዲያ አፑን እመርጣለሁ፤ ስታቋቁሙት የሚሰጧችሁን የመጠባበቂያ ኮዶች ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ፤ ስልኩ ቢጠፋ መግቢያችሁ እሱ ነው።

ለሱቅ ክፍያ ቴሌብርም ሆነ የባንክ አገልግሎት ጥሩ ነው። ዳታ ባይኖርም በ*127# መሥራት ይቻላል። ግን ንግዳችሁን በሙሉ ስልክ ላይ አታንጠልጥሉት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ መብራቱም፣ ኔትወርኩም፣ ባንኩም አንድ ላይ ነው የጠፉት። ስልክ ውስጥ ያለ ብር ዳቦ አልገዛም። የብረት ማርካውንና የወረቀት ኩፖኑን አትጣሉ የምለው ለዚህ ነው።

ለእናትና ለአባት ስልክ ላይ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ብር ሲላክላቸው የሰፈሩን ልጅ "እስቲ እየው ልጄ" ብለው ስልኩን ይሰጣሉ። ልጁ መልእክቱን ያንብብላቸው፤ የሚስጥር ቁጥሩን ግን ራሳቸው ይንኩት። ቁጥሩን እንዲለማመዱት አንድ ከሰዓት አብራችኋቸው ተቀመጡ። በስልክ ደውሎ "የደረሰዎትን ኮድ ይንገሩኝ" የሚል ሰው ከባንክ ነኝም ቢል፣ ሽልማት ደርሶዎታል ቢልም፣ ስልኩን ይዝጉና ወደ እናንተ ይደውሉ። ኮዱ የታሰረው በእሳቸው ስም ነው፤ ከነገሩት በኋላ ግን የሰሚው ነው።